ደርድረህ እየው

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእትዬ፣ ቀን ሙሉ ለሚለፈልፈው የስፌት መኪናሽም ጭምር።

እንደምን ከረምሽ እያልኩ ገጽ አልጨርስም። ቦቴው ነዳጁን ገልብጦ ነገ ጠዋት ይመለሳል፤ ሾፌሩ ደግሞ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ስልክ እዚህ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ጉዳዬ።

የአክሲዮኑ መሸጫ ወረቀት ለምን ሳይፈረም ቀረ ብለሻል። አልጠፋብኝም፣ አይጥ አልበላውም፣ ዘይትም አልነካውም። አልፈርምም ብዬ ነው። አባባ ዕድሜ ልኩን የባንኩን መኪና ነድቶ፣ ከደሞዙ እያስቆረጠ የገዛውን አክሲዮን፣ "ሁለቱም ካልፈረሙ እንዳይሸጥ" ብሎ በሁለታችን ስም ያጻፈውን፣ እኔ እዚህ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ አቧራ እየቃምኩ በአንድ ጭረት ላጥፋው? ምን ነካሽ?

ደግሞ ወንድምሽ ያ የድሮው እንዳይመስልሽ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ምናምን የምትይው ቀርቷል። አምና የጻፍሽልኝን ትምህርት ጠጥቼዋለሁ። "የአንዷን አክሲዮን ዋጋ፣ አንዷ አክሲዮን በዓመት ለምታመጣው ትርፍ አካፍል፤ ዋጋው የትርፉ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግርሃል" አላልሽኝም? እኔ እንደውም ካንቺ በላይ ገብቶኛል። እዪ፤ ጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር በስድሳ ገዛሁ እንበል። በዓመት አስር ካተረፈልኝ ስድስት እጥፍ ከፈልኩ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ስነፋ ከርሜ ገንዘቤን እመልሳለሁ። በመቶ ሃያ ከገዛሁት ግን አስራ ሁለት ዓመት ልነፋ ነው። እጥፉ ሲያንስ ርካሽ፣ ሲበዛ ውድ፣ አለቀ! ባንክ ከጎማ ቤት በምን ይለያል? እሱም የሚኖረው በሰው ንፋስ ነው።

አሁን ጉዱን ስሚ። ስቶር ኪፐሩ የግሬደር ፊልትሮ ሲሰጠኝ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። ፈትቼ ባየው የኛ ባንክ! አንዷ አክሲዮን ዘጠና ትላለች። አንቺ በላክሽው ሪፖርት ላይ የዘንድሮ ትርፍ ለአንዷ አስራ አምስት ነው። ዘጠናን ለአስራ አምስት፤ ስድስት! አባባ ሲገዛ አስራ ሁለት ነበር። በግማሽ ወርዶ እያለ የሚሸጥ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው አእምሮ ሳይሆን ንፋስ የሞላው ከመነዳሪ ነው። ይህን ስተነትንለት ስቶር ኪፐሩ "አንተ ኮምፕሬሰር፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?" አለኝ። ኮምፕሬሰር የሚሉኝ በጉልበቴ ነው፤ የሎደር ጎማ ብቻዬን አወርዳለሁ። "ንፋስ ስለሞላበት ነው" የሚሉም አሉ። ቅናት ነው።

ለምን መሸጥ እንደፈለግሽ ግን አንድ ቃል አልጻፍሽም። "ያስፈልገኛል" ብቻ። ሰውዬ ነው? ሰውዬ ካለ ሥራውን ጻፊልኝ፤ መጥቼ አስተነፍሰዋለሁ።

ከወረቀቱ ጋር የላክሽው ቱታ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ግን እትዬ፣ የግራ ኪሱ እኮ ወደ ብብቴ ሊወጣ ነው የሚያስበው! መፍቻ ስከትበት ዱብ ይላል። እያንቀላፋሽ ነው እንዴ የምትሰፊው? የካምፑ ልጆች ሲስቁብኝ ዋሉ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 24

ለጉረኛው ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ጎማ ጎማ እየሸተተ ደርሶኛል። ስለ ኪሱ ይቅርታ። መብራት እየሄደ እየመጣ አስቸግሮኝ ነው። አሁን መኪናዬን ወደ መስኮቱ አዛውሬዋለሁ፤ የሚቀጥለው ይስተካከላል።

ሰውዬ የለም። እንኳን ደስ አለህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ጋዜጣ የመቼ ነው? ዩኒፎርም የምሰፋላት ጓደኛዬ፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ፣ ደብዳቤህን ጮክ ብላ እያነበበች ዘጠናው ላይ ስትደርስ በሳቅ ወንበሩን ልትጥለው ነበር። ዘጠና የአምና ዋጋ ነው! ዘንድሮ መቶ ሃምሳ ገብቷል። አንተ የአምናውን ዋጋ ለዘንድሮ ትርፍ አካፈልክ። የአምና ጫማ ለዘንድሮ እግር ይሆናል? መቶ ሃምሳን ለአስራ አምስት አካፍል፤ አስር ነው እንጂ ስድስት አይደለም። ይሄን የመሰለ ስህተት ጋዜጣ በፊልትሮ የሚደርሰው ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

ሌላም አለ። አስር ውድ ነው ወይስ ርካሽ? ከምን ጋር አስተያይተህ? አንድ ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ዓመቶቹን ደርድረህ እየው። እሷ እየፈለገች የነገረችኝ ይኸው። አባባ ሲገዛ ዋጋው መቶ ሃያ፣ ትርፉ አስር። በማግስቱ ዓመት መቶ አርባ፣ ትርፉ ያው አስር። ከዚያ ሰማንያ አራት፣ ትርፉ አስራ ሁለት። ከዚያ ሰማንያ፣ ትርፉ አራት። አምና ዘጠና፣ ትርፉ አስር። ዘንድሮን ነግሬሃለሁ። እጥፉን ራስህ አውጣ። ቁጭ ብለህ ሰውዬ ከምትፈልግብኝ ይሻላል።

ለምን እንደምሸጥ አትጠይቀኝ። ያንተ ድርሻ ይቀመጥልሃል፤ ሳንቲም አልነካብህም። ብቻ ፈርም።

ባዶ ሆድህን ጎማ አትሸከም።

እህትህ


ኅዳር 12

እትዬ፣

ሳልጀምር አንድ ነገር ይያዝልኝ፤ ጋዜጣው ነው የዋሸኝ እንጂ እኔ አልተሳሳትኩም። ቀኑ የነበረበትን ጫፍ ዘይት በልቶታል። ስቶር ኪፐሩን "ለምን አሮጌ ጋዜጣ ትጠቀልላለህ?" ብዬ ተጣላሁት። "ለፊልትሮ የዛሬ ጋዜጣ ልግዛለት?" አለኝ። ባለጌ።

እንዳልሽው አደረግኩ። የኮንቴይነሬን የውስጥ ግድግዳ ጠርጌ በጠመኔ ደረደርኩት። አስራ ሁለት። አስራ አራት። ሰባት። ሃያ። ዘጠኝ። አስር። እየበላሁ አየዋለሁ፣ ጎማ እየለጠፍኩ አየዋለሁ።

መጀመሪያ ሰባቱ ላይ ዓይኔ ተተከለ። ርካሽ! ያኔ ብንጨምር ኖሮ አልኩ። ከዚያ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ትርፍ አየሁ። ከአስራ ሁለት ወደ አራት! ለካ ሰዉ ቀድሞ ሰምቷል። ባንኩ ያበደረው ገንዘብ እንደማይመለስለት የሸተተው ሁሉ አክሲዮኑን እየጣለ ሲሮጥ ነበር። ዋጋው ሲሸሽ ትርፉ ገና የድሮውን ወሬ ያወራል። ትርፍ ማለት እኮ እንደኛ ደብዳቤ ነው እትዬ። "ደህና ነኝ" የሚለው እጅሽ ሲገባ፣ ደህና የነበረው ሲጻፍ ነው።

ሃያው ደግሞ አታሎኝ ነበር። ሃያ እጥፍ ሲባል ዋጋው ሰማይ የወጣ መስሎኝ። የት አባቱ! ዋጋው እንደውም ወርዷል። ከስር ያለው ትርፍ ከስቶ ነው እጥፉን ያሳበጠው። ስለዚህ ርካሽ የመሰለው ሊታመም ነበር፤ ውድ የመሰለው ታሞ ነበር። ይሄን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ለገንዘብ ከፋይዋ አንብቢላት። እንደገና ትሳቅ እስቲ።

ግን ይሄን ለማን ላውራው? ስቶር ኪፐሩ "ባንክህን ይዘህ ከፊቴ ሂድ" ብሎኛል። ምሳ ላይ ስቀመጥ ሰዎቹ ሳህናቸውን ይዘው ይነሳሉ። አወራለሁ ብለው ነው፤ አወራለሁ እንዴ እኔ? እሁድ እሁድ ሾፌሮቹ ሁሉ ወደ ከተማ ይወርዳሉ፤ እኔ ዕቃ ጠባቂ ነህ ተብዬ እቀራለሁ። ሜዳው ጭው ይላል። አንዳንዴ የሚነፋ ጎማ ሳይኖር ኮምፕሬሰሩን አስነሳዋለሁ። ድምፅ እንዲኖር ብዬ ነው።

ፊርማውን በተመለከተ አልፈርምም። አስራ አራት ነክቶ ያውቃል፤ አሁንም ይነካል። ትርፉ እየወፈረ ነው፤ ያልተከፈለው ብድርም አልቋል፤ ታዲያ ምን ያጣድፍሻል? ታገሺ። እስከዚያ ግን ስለ አክሲዮኑ ጠይቂኝ። ሌላ ሪፖርት ካለ ላኪልኝ። የሌሎች ባንኮችም ቢሆን ላኪልኝ። ደብዳቤሽ ደግሞ አጥሯል፤ ድሮ ገጽ ትሞይ ነበር።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 4

ወንድሜ፣

ስለ ሰባቱና ስለ ሃያው ያልከውን ሰማን። አልሳቀችም። "ገብቶታል" አለች። እኔም ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ትንሽ ጉራ ነዛሁ፤ የኛ ቤት በሽታ ነው።

አስራ አራት እስኪነካ የምጠብቅበት ጊዜ ግን የለኝም። ልክ ልትሆን ትችላለህ። ልክ ብትሆንም ፈርም። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩህ፤ ሦስተኛ አልጠይቅህም።

እሁድ ኮምፕሬሰር አታስነሳ። የሰው ነዳጅ ነው። ዝፈን።

ቱታ ልኬልሃለሁ። ኪሱን እየፈታሁ እየሰፋሁ ነው የከረምኩት። ካልሆነህ መጥረጊያ አድርገው፤ አልቀየምም።

እህትህ


ታኅሣሥ 28

እትዬ፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። ዝም ብለሽ ስሚኝ።

አዲሱን ቱታ ለብሼ ወጣሁ። ስቶር ኪፐሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ይሄን የሰፋልህ ሰው ዓይን አለው?" አለኝ። ጥርሱን አልኩት። ደሞዝ ተቆርጦብኛል፤ እሱን ተዪው፣ ይገባኛል፤ ጥርሱም ይገባዋል።

ቱታው ደም ነክቶት ነበርና ላጥበው ገባሁ። አንዴ ውኃ ካሞቅኩ ብዬ ያሉኝን አምስቱንም አጠብኩ። ገመዱ ላይ ሰቀልኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደ አመጣጣቸው በተራ። ለምን በተራ አትበዪኝ፤ ግድግዳው ላይ ዓመት ስደረድር ከርሜ እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ዞር ብዬ አየኋቸው።

የመጀመሪያው ስፌት ጉንዳን በመስመር የሄደ ይመስላል። ሁለተኛውም ጉንዳን ነው። ሦስተኛው ኮሌታው ጋ ሲደርስ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። አራተኛው ያ የሳቅኩበት ኪስ ነው። አምስተኛው ዚፑ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላ በኩል ዝቅ ብሎ ተሰፍቷል፤ ኪሱ ዙሪያ መርፌ የሳተው ቀዳዳ እንደ ወንፊት ነው። ክሩ ደግሞ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። አንቺ ክር የምትሳሳቺ ሰው ነሽ? ልጅ እያለሁ ጥቁር ክር አምጣ ብለሽኝ ሌላ ጥቁር ባመጣ "ይሄኛው ጥቁር አይደለም" ብለሽ የምትመልሺኝ አንቺ አይደለሽም?

አራተኛውን ብቻውን አይቼ "እያንቀላፋሽ ነው" አልኩሽ። አንድ ቁጥር ብቻውን አይናገርም ብለሽ ጽፈሽልኝ እያለ።

ደብዳቤዎችሽንም መልሼ አሰብኩ። ገንዘብ ከፋይዋ "ጮክ ብላ እያነበበች" አልሽ። "ሰማን" አልሽ። መኪናሽን መስኮት ሥር አዛወርሽ። እኔ መብራት ነው ብዬ አመንኩ።

ዓይንሽ እንዴት ነው? "ደህና ነኝ" ብትዪኝ አላምንሽም። እሱ የአምና ትርፍ ነው።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ፈርሜዋለሁ። እንዳይመልሱብሽ ብዬ ሦስት ቦታ ፈርሜያለሁ። ቢሞላ ባይሞላ የኔንም ድርሻ ለሐኪሙ ስጪው፤ አልቀበልም ብትዪ መጥቼ እጣላሻለሁ። የቦቴው ሾፌር ወረቀቱን ለሰው ሳይሰጥ በእጅሽ እንዲያደርስ አስምዬዋለሁ። ማልልኝ ስለው "እኔ ነዳጅ ነው የማመላልሰው እንጂ ምስጢር አይደለም" አለኝ። ግን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

አስራ አራት ይነካል ያልኩሽን እርሺው። ይነካል፤ ግን እሱ አልነበረም ነገሩ። አባባ ካለፈ በኋላ እኔና አንቺ አንድ ላይ ያለን ነገር እሱ ብቻ ነው። ከተሸጠ ስለ ምን ትጽፊልኛለሽ አልኩ። ያንቺን ገጽ የምጠብቀው እኮ እንደ ደሞዝ አይደለም፤ ከደሞዝ በላይ ነው። ይሄን ለማንም እንዳታነቢ። እሷም ይሄን መስመር ዘላ ታንብብልሽ።

ልምጣ? ቦቴው ላይ ከሾፌሩ ጎን ቦታ አለ።

ወንድምሽ


የካቲት 9

ለወንድሜ፣

የምትጽፈው ገንዘብ ከፋይዋ ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ያንን መስመር አልዘለለችውም። ተናድጄባታለሁ፤ እሷ ግን ዕንባዋን በዩኒፎርሟ ነው የጠረገችው፤ እኔ በሰፋሁት።

እንዳትመጣ። ሥራህን ካጣህ ቱታ ለማን እሰፋለሁ?

ቦቴው ያንተን ወረቀት ይዞ እስኪደርስ ዋጋው ትንሽ ወርዶ ነበር፤ በዘጠኝ እጥፍ ሸጥነው። በቅቷል፤ ለሐኪሙም ለመድኃኒቱም። ቀኙን ሠርተውታል። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሙን ጋውን ነው፤ ብብቱ ጋ ተተርትሯል። "አምጣው ልጥቀመው" አልኩት። ሳቀ። አሁን መንገድ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ፊደል በትልቁ ከሆነ አነባለሁ፤ መኪናው ላይ ግን እስከ ክረምት አትቀመጪ ተብያለሁ።

ግራው አልሆነም። ግራው ገና ድሮ ነው የሄደው፤ ወረቀቱን ሳልልክልህ በፊት። ሐኪሙ ራሱ ነው ያለው። ስለዚህ እዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ቁጭ ብለህ ሌላ ሒሳብ እንዳትሠራ። ሰምተኸኛል? እንዳትሠራ።

ያልነገርኩህ ትሮጣለህ ብዬ ነው። ስትሮጥ አውቅሃለሁ፤ የምትሰብረው ነገር አታጣም። የስቶር ኪፐሩ ጥርስ እንዴት ነው? ይቅርታ በለው።

እህትህ


የካቲት 27

እትዬ፣

በትልቁ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ነው። ጎማ ላይ ቁጥር የምጽፍበት ቀለም ነው፤ ቢሸትሽ ይቅርታ። አንድ ገጽ ላይ ብዙ አይገባም፤ ጉራዬ አያልቅ እንጂ ወረቀቱ ያልቃል።

ስቶር ኪፐሩን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ሁለተኛ የእህትህን ስፌት አላነሳም" አለኝ። ከዚያ ሳህኑን ይዞ አልተነሳም። አብረን በላን።

ቦቴው ጋዜጣ አመጣ። ቀኑን አይቻለሁ! ትክክለኛ ነው፤ የዚህ ወር ነው። የኛ ባንክ፣ ማለቴ የኛ የነበረው፣ አስራ አራት እጥፍ ገብቷል። ልክ ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ! ግድግዳው ላይ ያለውን ጠመኔም አጥፍቼዋለሁ።

ግራው ገና ድሮ ሄዷል ብለሻል።

ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን ቱታዎቹን ተሸክሜ ገመዱ ጋ ወጣሁ። አራተኛው ከወረቀቱ ጋር የመጣው ነው። አምስተኛው እኔ እንቢ ብዬ የቆየሁ ጊዜ የተሰፋው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ስፌቱን ብከተል፣ አንድ ዓይን የሰፋውና ሁለት ዓይን የሰፋው ይለያል። አሁን ማየት እችልበታለሁ፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። አራተኛውን ሰቀልኩት። አምስተኛውን በእጄ ይዤ ብዙ ቆምኩ።

አልሰቀልኩትም። አጣጥፌ ሁለቱንም አልጋዬ ሥር ከተትኳቸው። ብለሻል፤ ብለሻል።

ዛሬ እሁድ ነው። ሁሉም ወርደዋል። ኮምፕሬሰሩን አላስነሳሁትም። ዘፈንኩ። ድምፄ ያስጠላል፤ ወፎቹም ሄዱ።

ምንም ጉዳይ የለኝም እትዬ። የሚሸጥ የለን፣ የሚፈረም የለን። ዝም ብለሽ ጻፊልኝ። ቀኑን አትርሺ።

ወንድምሽ